ሞንታርቦውና ካላንደሩ

ድራማው ልብ ወደሚያንጠለጥለው ቦታ ሲደርስ፣ ልጅቷ ከፍራሹ ሥር የተደበቀውን ደብዳቤ ልትከፍት ስትል፣ «ከማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን» ይባላል። ቤቱ ወዲያው ይበተናል። አንዱ ወደ ደጅ፣ አንዷ ወደ ጀበናዋ፣ የቀረው ወደ ስልኩ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንዲት ሴትዮ ነጭ አንሶላ እያውለበለበች ስለ ሳሙና ትለፈልፋለች፤ የሚያያት ግን የለም። የማስታወቂያው ድምፅ ከድራማው ላቅ ብሎ ስለሚመጣ «ኧረ እባካችሁ ይሄን ነገር ቀንሱት!» የሚሉት አያት ብቻ ናቸው ሴትዮዋን ከቁም ነገር የቆጠሯት። በማግሥቱ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጅ ግቢ ውስጥ ውሃ እያንቦጫረቀች የሳሙናውን ዘፈን ከነስልክ ቁጥሩ ታንበለብለዋለች። ማንም ያላየውን ነገር ማን አስጠናት?

የማስታወቂያ ሰዎች እንጀራ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኛ ማስታወቂያ የሚሠራው ስናየው ይመስለናል፤ እነሱ ግን ጀርባችንን ሰጥተን ቡና ስንቀዳም እንደሚሠራ ያውቃሉ። ሮበርት ዛዮንስ የተባለ ፖላንድ የተወለደ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ ፈትኖታል። ቻይንኛ ለማያውቁ ሰዎች የቻይና ፊደል የሚመስሉ ምልክቶችን አሳያቸው፤ አንዳንዱን አንድ ጊዜ፣ አንዳንዱን እስከ 25 ጊዜ። ከዚያ ምልክቱ ጥሩ ነገር ማለት ይመስላቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። ብዙ ጊዜ ያዩትን ነው «ጥሩ ነገር ሳይሆን አይቀርም» ያሉት። ስለ ምልክቶቹ አንዲት ቃል አልነገራቸውም፤ አላባበላቸውም፣ አልዘፈነላቸውም፤ ደጋግሞ ማሳየቱ ብቻ በቃ። ሱቅ ገብተን ከተደረደሩት መሀል እጃችን ወደ አንዱ ሲሄድ «ይሄ ይሻላል» የምንለው ነገር ስንቱ ከዚህ የተለየ እንደሆነ እንጃ።

ድግግሞሹ ግን ልክ አለው። ጆን ካቾፖና ሪቻርድ ፔቲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ባወጡት ጥናት ላይ አንድን መልእክት ለተማሪዎች አንዴ፣ ሦስቴ ወይም አምስቴ አሰሙ። ሦስቴ የሰሙት አንዴ ከሰሙት ይልቅ በሐሳቡ ተስማሙ፤ አምስቴ በሰሙት ዘንድ ግን ስምምነቱ ተመልሶ ወረደ። ሰው መጀመሪያ ነገሩን ያዳምጣል፤ ሲበዛበት መልስ መስጠት ይጀምራል። ታክሲ ውስጥ ወደ ሬዲዮኑ ዞሮ «ሰምተናል አልን እኮ!» የሚለው ተሳፋሪ አምስተኛው ላይ የደረሰ ሰው ነው። የእኛ ጣቢያዎች ደግሞ በአምስት አይመለሱም።

የተናደደ ሰውም ገንዘብ እንደሚያወጣ አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አይተውታል። ሮሰር ሪቭስ የሚባል ስመ ጥር የማስታወቂያ ሰው አናሲን ለተባለ የራስ ምታት ክኒን በሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የሰው ጭንቅላት ተሥሏል፤ በውስጡ መዶሻ ይደበድባል፣ የተጠማዘዘ ሽቦ ይጨማደዳል፣ መብረቅ ይፈነጥቃል። ራስ ምታት የሌለበት ሰው እንኳ አይቶት ሳይታመም አይነሣም። ሕዝቡ ጠላው፤ ክኒኑ ግን እንደ ጉድ ተሸጠ። የተናደድንበት ምሽት ከጊዜ በኋላ ይጠፋና ስሙ ብቻ ይቀራል፤ ፋርማሲ ስንቆም አፋችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው።

ከዚህ ተነሥተው «ያናድድ እንጂ ይታወቅ» የሚል ሃይማኖት የያዙ ነጋዴዎች ሞልተዋል። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ የሆነው የአሜሪካ የማስታወቂያ ምርምር ፋውንዴሽን ጥናት የትኛው ማስታወቂያ የበለጠ እንደሚሸጥ አስቀድሞ ለመገመት ብዙ መለኪያዎችን ሲያወዳድር፣ «ማስታወቂያውን ወደዱት ወይ?» የሚለው ተራ ጥያቄ ከላይኞቹ ተርታ ተገኘ። ባለሙያዎቹ ተገረሙ። ስንት ማሽንና ስንት መጠይቅ ያሰለፉበትን ነገር ማንኛዋም ጉሊት የተቀመጠች ነጋዴ በነፃ ትነግራቸው ነበር፤ ደንበኛዋን «የኔ ቆንጆ፣ ነይ እስቲ» ብላ የምትጠራው ለምን ሆነና?

ጩኸት ብቻውን የሚያስጠላ ቢሆን ኖሮ አዲስ አበባ መኖር ባልተቻለ ነበር። ጠዋት ቁራሌው በበራችን ያልፋል፤ ልዋጭ የሚለው ይከተለዋል፤ የሎተሪ መኪና በድምፅ ማጉያ ዕድላችንን እንድንሞክር ይወተውተናል። ከሁሉ በላይ ወያላው አለ። «ፒያሳ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ!» እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጣራል። ወያላን ሰው በመልስ ሲያማው እንጂ በጥሪው ሲያማው ሰምቼ አላውቅም። የሚጠራው ሊሄድ የቆመን ሰው ነው። የት እንደሚሄድ ይናገራል፤ አንድ ወንበር ሲቀረው «አንድ ሰው!» ይላል፤ ሲሞላ ዝም ይላል። ይህቺ ዝምታ ትልቅ ነገር ናት። ከተሳፈርን በኋላም «ፒያሳ!» እያለ ጆሯችን ላይ የሚጮህ ወያላ ቢኖር ፒያሳ ሳይደርስ ግማሹ ይወርድለታል። ቴሌቪዥኑ ግን ዛሬ ጠዋት አንድ ካርቶን ሳሙና ተሸክሜ የገባሁ ብሆን እንኳ ማታ «ሳሙና ግዛ» ይለኛል።

ሞንታርቦ ከወያላው ጋር አንድ መንገድ ላይ ቢጮህም ጠባዩ ሌላ ነው። አዲስ ልብስ ቤት ሲከፈት፣ ወይም አሮጌው «ታላቅ ቅናሽ» ሲል፣ በሩ ላይ ሁለት ሞንታርቦ ይገተራል። አንድ ወጣት ማይክ ይዞ ዘፈኑ መሀል እየገባ «ግቡ፣ ግቡ! ማየት በነፃ ነው!» ይላል። ማየት መቼ ተከፍሎበት ያውቃል? ሰው ሲያጣ ደግሞ አላፊ አግዳሚውን በልብሱ ይጠራል፦ «ቀይ ሹራብ የለበስሽው እህት፣ ላንቺ የሚሆን ጫማ አለ!» ባለ ቀይ ሹራቧ አንገቷን ደፍታ መንገድ ትሻገራለች። ጎን ያለው ፋርማሲ ውስጥ አንዲት እናት ሽሮፑ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ ትጠይቃለች፤ ባለሙያዋ በጣቷ ሦስት ታሳያታለች። ባለሱቁ ማታ ሒሳብ ሲሠራ የገቡትን ይቆጥራል። መንገድ የተሻገሩት በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም።

ከሞንታርቦ የባሰ ግን የኪስ ስልክ ላይ የሚመጣው ነው። ከሞንታርቦ ቢያንስ መሸሽ ይቻላል። ልጇ ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እናት ስልኳ ጢር ባለ ቁጥር ልቧ ዘሎ ይነሣል። ከትራስ ሥር ታወጣዋለች፣ መነጽሯን ትፈልጋለች፣ ትከፍተዋለች። «ውድ ደንበኛችን፣ ጥያቄውን መልሰው መኪና ይሸለሙ!» ይላል። ውድ ደንበኛችን! ላኪው ያቺ መልእክት ምንም ወጪ የሌላት ይመስለዋል፤ ወጪውን እናትየው ናት የከፈለችው። እኔም ከአንድ ባለ አጭር ቁጥር አገልግሎት ጋር ለመለያየት የታዘዝኩትን ቃል ብልክ «ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጥቶልኛል። ከዚያ ወዲህ ስሙን ባነበብኩ ቁጥር ጥርሴን ነው የምነክሰው። የዛዮንስ ምልክቶች ሰዎቹን ቤታቸው ድረስ ተከትለው ሌሊት ቢቀሰቅሷቸው ኖሮ ውጤቱ ያው መሆኑን እጠራጠራለሁ።

አሁን ስለ ቢራ እናውራ፤ የወደድነው ማስታወቂያ ምን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ከሱ የተሻለ የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድረስ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ምርጥ ካሜራ፣ ምርጥ ሙዚቃና ምርጥ መልክዓ ምድር የሚታየው ቢራ ማስታወቂያ ውስጥ ነበር። ተራራው፣ ፏፏቴው፣ እስክስታው፣ ፈረሱ፣ ሁሉም ወደ አንድ ብርጭቆ አረፋ ይወርዳል። ሰው ድራማውን እያማ ማስታወቂያውን ያደንቅ ነበር። ቢራ ቤት ውስጥ ደግሞ ቆርኪ የሚባል ሌላ ተአምር ነበር፤ ከሥሩ ሽልማት አለው በተባለበት ሰሞን ጠርሙሱ ሲከፈት ጠጪው ከቢራው በፊት ቆርኪውን ይገለብጥ ነበር። ባዶ ሆኖ ሲያገኘው የሚያዝነው በራሱ ዕድል እንጂ በፋብሪካው አልነበረም። ሰውን በየጠርሙሱ አሳዝኖ ሌላ ጠርሙስ የሚያስከፍት ማስታወቂያ ከዚህ ሌላ አላየሁም።

ኳስም አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የቢራም የክለብም ስም ነው፤ ፋብሪካው ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ክለቡ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ። የኢትዮጵያ ቡና ደጋፊ ሆኖ ጊዮርጊስ ቢራ አፉ የማይዞር ሰው ብትፈልጉ አታጡም። ስለ ጣዕሙ ብትጠይቁት ስለ ብቅልና ጌሾ አያወራችሁም፤ የሚያወራችሁ ስለ ዳኛው ነው። ዋልያ ቢራ ሲመጣም የብሔራዊ ቡድናችንን ቅጽል ስም ይዞ ነው የመጣው። ቡድኑ ሲያሸንፍ አብሮ ይጨፈራል። ሲሸነፍስ? እሱንም አብሮ መጠጣት ነው።

ስሜት መበደር ግን ዕዳ አለው። በ2006 ዓ.ም. በደሌ ቢራ የቴዲ አፍሮን የኮንሰርት ጉዞ ስፖንሰር ሊያደርግ ተነሣ። ድምፃዊው ተናገረ በተባለ ነገር ሰበብ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «በደሌን አትጠጡ» የሚል ዘመቻ ተቀሰቀሰ፤ የፋብሪካው ባለቤት ሄይኒከንም ስፖንሰርነቱን ተወ። በዚህም ያኮረፉ፣ በዚያም ያኮረፉ ነበሩ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ አንድ ጠብታ አልተለወጠም። የተለወጠው በላዩ የተለጠፈው ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ተውሰው ገበያ የሚወጡ ሁሉ ያ ነገር ሲታመም አብረው እንደሚተኙ ከዚያ በላይ ግልጽ የሆነበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ 2011 ዓ.ም. መጣ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣ። እኔ በአዋጁ ቅር አላለኝም፤ ልጆች ከፊደል በፊት የቢራ ዘፈን ሲያጠኑ ማየት ደስ አይልም ነበር። የገረመኝ ግን ቢራው ከስክሪኑ ሲወጣ ማስታወቂያው ሁሉ ውበቱን ይዞ መውጣቱ ነው። ቦታውን የወረሱት ቤት ሻጮችና ባንኮች ናቸው። ቤት ሻጩ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ በኮምፒውተር ሠርቶ፣ ጣሪያው ላይ ዋና እያስዋኘ፣ ዲያስፖራውን በዶላሩ ይጠራዋል። ባንኮቻችን ከ30 በላይ ሆነዋል፤ የአንዱን ማስታወቂያ ወስዳችሁ የሌላውን ስም ብትለጥፉበት ባለቤቶቹም ላያውቁ ይችላሉ። የሚጨባበጡ እጆች፣ ሱፍ የለበሰ ወጣት፣ እህል የምታበጥር እናት፣ ከላይ የሚበር ድሮን። አያናድድም፣ አያስደስትም። እንዲህ ያለው ነው ለኔ ከሁሉ የከፋው ኪሳራ፤ ገንዘቡ ወጥቶ የሚጠላው ሰው እንኳ አላገኘም።

እነዚሁ ባንኮችና መድን ድርጅቶች ግን ሳይታወቃቸው የሀገሪቱን ምርጥ ማስታወቂያ በየዓመቱ ያሳትማሉ። ካላንደር ማለቴ ነው።

ጳጉሜን ሲጠጋ ባንክ የሚሠራ ዘመድ በድንገት ክብሩ ይጨምራል። ዓመቱን ሙሉ ያልደወለለት አክስት «እንዴት ከርመሃል የኔ ልጅ?» ብላ ትደውላለች፤ ከሰላምታው ጀርባ ያለውን እሱም ያውቀዋል። «ሁለት ካገኘህ ለጎረቤትም ነበር» ይባላል። ሰው ደጅ ጠንቶ፣ ለምኖ፣ ታክሲ ላይ እንዳይጣጠፍ ጠቅልሎ ይዞ የሚገባው ማስታወቂያ ሌላ የት አለ? ሳሎኑ ውስጥ ከማርያም ሥዕልና ከሠርጉ ፎቶግራፍ ጎን ቦታ ይሰጠዋል። የእኛም የፈረንጁም ቀን አለበት፤ ጾሙ፣ በዓሉ፣ ኢዱ፣ አረፋው አለበት። የቤቱ እመቤት በቢክ ትጽፍበታለች፤ ጋዙ የተቀየረበት፣ ዕቁቡ የሚወጣበት፣ የልጁ ክትባት፣ የማኅበሩ ተራ። ከሥር የድርጅቱ ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ዓመቱን ሙሉ፣ ጳጉሜን ጨምሮ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታይ ማን ይቆጥራል! ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ወፍራሙ ወረቀት የልጆች ደብተር ይሸፈንበታል። ስሙ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከወያላው ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ፤ ቀን ስትፈልጉ አለ፣ ሳትፈልጉ ዝም ብሎ ተሰቅሏል።

እንዲህ ግድግዳ ላይ የቀረ ሌላም አውቃለሁ። ሀብተሥላሴ ታፈሰ የሀገሪቱን ቱሪዝም በንጉሡ ዘመን ሲያቋቁሙ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን መፈክር አወጡ። የዘመን አቆጣጠራችን ለፈረንጅ ራስ ምታት ነበር፤ እሳቸው ራስ ምታቱን ወደ ፀሐይ ለወጡት። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» የሚል አዲስ መፈክር ተተክቷል፤ ምንም ክፋት የለውም። ሆኖም ዋሽንግተን ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች አንዱ ጎራ ብትሉ ግድግዳው ላይ የድሮውን የቱሪዝም ፖስተር ሳታገኙ አትቀሩም። ፖስተሩ የታተመው ፈረንጅ እንዲመጣ ነው። አሁን የሚያየው፣ እያየም ሆዱ የሚባባው፣ ከሀገር የወጣው ሀበሻ ነው።

ወደ ሳሙናው ልመለስ፤ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ማስታወቂያችን ሊያስቀን ሲፈልግ ብዙ ጊዜ የሚጠራት አንዲት ሴት ናት። ከገጠር የመጣች የቤት ሠራተኛ። ሻሿ ተንጋዷል፣ አነጋገሯ ተጋንኗል፣ ዐይኗ ፈጧል። «ወይኔ እትዬ! የጋሼ ሸሚዝ!» ትላለች። እትዬ ከላይ እስከታች አይተዋት፣ ፈገግ ብለው፣ ሳሙናውን ከመደርደሪያ ያወጣሉ። እሷ አፏን ከፍታ ትገረማለች። ከዚያ ዘፈን፣ ከዚያ አድራሻ፣ ከዚያ የስልክ ቁጥሩ ሁለት ጊዜ። የሚሳቅባት ሁልጊዜ ያቺው ናት፤ የዘይቱም፣ የቅመሙም፣ የቴሌቪዥን ዲሹም ማስታወቂያ በሷ አላዋቂነት ይጀምራል።

ይህንን ማስታወቂያ ሳሎን ውስጥ የምታየው ሠራተኛ ምን እንደምትል አይተን እናውቃለን? ሰዉ ሲበተን ስኒ ልታነሣ የገባችው እሷ ናት፤ ሴትዮዋ አንሶላ ስታውለበልብ ፊት ለፊት የምትቆመው እሷ ብቻ ናት። አንዷ ትስቃለች፣ አንዷ ስኒዋን ይዛ ትወጣለች። በማግሥቱ ሱቅ የምትላከው ታዲያ ማን ናት? «ሳሙና አምጪ» ተብሎ ብር ይሰጣታል፤ የትኛውን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይነገራትም። ባለሱቁ «የቱን ልስጥሽ?» ይላታል። እዚህች ባንኮኒ ላይ ነው ያ ሁሉ ካሜራ፣ ያ ሁሉ ዘፈን፣ ያ ሁሉ የአየር ሰዓት ክፍያ የሚፈረደው። ባለሱቁም የራሱን ቃል ይጨምራል፤ «እሱ አልቋል፣ ይሄኛው ይሻላል» ካለ የአንድ ዓመት ማስታወቂያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይፈርሳል። የእሱን ቃል ግን የምትመዝነው እሷ ናት። የትኛው አረፋ እንደሚያወጣ፣ የትኛው እጅ እንደሚልጥ፣ ከካሜራ ፊት ከቆሙት እትዬ ይልቅ የምታውቀው እሷ ናት።

ማስታወቂያ የምትሠሩ ወገኖች፣ ሳቁን አላልኩም፤ ሳቅ ይኑር። የስልክ ቁጥሩንም ከፈለጋችሁ ሦስቴ ድገሙት። ለዚህች ልጅ ግን በሚቀጥለው ሥራችሁ ላይ አንድ የሚረባ ንግግር ጻፉላት። ሳሙናውን የምትገዛው እሷ ናት።